የስፒን ጅረትና የወሰኑ ሒሳብ

(በጎንደር ከተማ ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)




ከከባድ ብረታ ብረትና ከማግኔታዊ ብረት በተሠሩ እጅግ ስስ ንጣፎች ውስጥ የስፒን ጅረት ወደ ኤሌክትሪክ ጅረት፣ የኤሌክትሪክ ጅረትም ወደ ስፒን ጅረት ስለሚለወጥበት መንገድ እንድናገር ስለ ጋበዛችሁኝ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ርእሱ ሲነገር ለጎንደርና ለሰሜን ጎንደር ደጋ ባዕድ መስሎ የሚታየው ሰው አይጠፋም። ይሁን እንጂ ነገሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ባዕድነቱ ያን ያህል አይደለም።

ለዚህ ጥናት የሚያስፈልጉት ዋና ዋና ነገሮች ጥቂት ናቸው። ከከባድ ብረታ ብረት ወገን ፕላቲነም፣ ታንታለምና ተንግስተን፤ ከማግኔታዊው ወገን ደግሞ ብረት፣ ኮባልትና ኒኬል ናቸው። ፕላቲነም በወለጋ በዩብዶ ከ1920ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሲቆፈር የኖረ ነው። ታንታለምን የያዘው ማዕድን በደቡብ ኢትዮጵያ ከቀንጢቻ ለብዙ ዓመታት እየወጣ፣ ሳይነጠር ወደ ውጭ አገር ተልኳል። ማግኔትነትን የተሸከመው ድንጋይ ደግሞ እዚሁ ከበራችን፣ ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከደባርቅም እስከ ሊማሊሞ ገደል ድረስ ተነጥፎ ይገኛል። እንግዲህ ማዕድኑ ከእኛ ምድር ይወጣል፤ ሒሳቡ ግን በሌላ አገር ይሠራል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ሒሳብ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።)

በመጀመሪያ ስፒን ማለት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ኤሌክትሮን ሁለት ጠባዮች አሉት። አንደኛው የኤሌክትሪክ ሙል ነው፤ ይህ ሙል ሲጓዝ በተለምዶ ኮረንቲ የምንለው የኤሌክትሪክ ጅረት ይሆናል። ሁለተኛው በ1925 ኡለንቤክና ጉድስሚት የተባሉ ሁለት ወጣት የሆላንድ የፊዚክስ ሊቃውንት ያመለከቱት ስፒን ነው። ቃሉ መሽከርከርን ቢያሳስብም ኤሌክትሮን እንደ እንዝርት ይዞራል ማለት አይደለም። ይልቁንም እያንዳንዱ ኤሌክትሮን እንደ ታናሽ የማግኔት መርፌ የሚቆጠር ጠባይ በተፈጥሮው አለው ማለት ነው። ይህም መርፌ በምንለካበት መስመር ላይ ከሁለት አቅጣጫ በቀር ሌላ አያሳይም፤ ወይ ወደ ላይ፣ ወይ ወደ ታች።

በአብዛኛው ብረታ ብረት ውስጥ ወደ ላይ የሚያመለክቱትና ወደ ታች የሚያመለክቱት እኩል ስለ ሆኑ አንዱ የሌላውን ያጠፋዋል። በብረት፣ በኮባልትና በኒኬል ውስጥ ግን የአንደኛው ወገን ቁጥር ስለሚበልጥ ቁሱ በጠቅላላው ማግኔት ይሆናል። በሊማሊሞ ድንጋይ ውስጥ ያለው የብረትና የኦክስጅን ማዕድንም የዚህ ዘመድ ነው። እሳተ ገሞራው ቀልጦ ሲፈስ ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሞቀ ስለ ነበር መርፌዎቹ ሥርዓት አልነበራቸውም። ከቀዘቀዘ በኋላ ግን፣ ለምሳሌ ማግኔታይት የተባለው ማዕድን ከ580 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ፣ መርፌዎቹ በዚያን ጊዜ የነበረውን የምድር ማግኔት አቅጣጫ ይዘው ጸኑ።

በ1997 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣውና ኢትዮጵያዊው የሥነ ምድር ሊቅ ገዛኸኝ ይርጉ ከፈረንሳይ ባልደረቦቻቸው ጋር የተሳተፉበት ጥናት፣ ይህ የደጋችን ንብርብር አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ አንድ ሚሊዮን ዓመት በሚያህል ወይም ባነሰ ጊዜ ውስጥ የፈሰሰ መሆኑን አሳይቷል። ከንብርብሩም ከፊሉ የዛሬውን የሰሜን አቅጣጫ፣ ከፊሉ ደግሞ ተቃራኒውን ይዞ ይገኛል፤ የምድር ማግኔት በዚያ ዘመን ተገልብጦ ነበርና። ስለዚህ የሊማሊሞ ገደል በኤሌክትሮን ስፒን የተጻፈ መዝገብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጸሐፊው የምድር ማግኔት፣ ብዕሩም የሙቀት መብረድ ነበር።

የዛሬው ጥናት ደግሞ እንዲህ ያለውን መዝገብ ያለ እሳትና ያለ ሌላ ማግኔት፣ በኤሌክትሪክ ጅረት ብቻ መጻፍና ማንበብ ይቻል እንደ ሆነ ይጠይቃል። መልሱ ይቻላል ነው። መንገዱም በስፒን ጅረት በኩል ነው።

የስፒን ጅረት ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት የጎንደርን የቀድሞ ንግድ ምሳሌ ላድርግ። ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ መንገድ በሊማሊሞ በኩል ያልፍ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በአንድ ቀን አንድ መቶ ሰው አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ሌላ አንድ መቶ ሰው እህል ጭኖ ወደ ታች ወረደ እንበል። በኬላው ቆሞ ሰው ብቻ የሚቆጥር ቢኖር የወጣውና የወረደው እኩል ስለ ሆነ ደጋው ሰው አልጨመረም፣ አልጎደለበትምም ይላል። ዕቃ የሚቆጥረው ግን ጨው ወደ ላይ እንደ ወጣ፣ እህልም ወደ ታች እንደ ወረደ ያያል። ንጹሕ የስፒን ጅረት ማለት ይህ ነው። ወደ ላይ የሚያመለክቱት ኤሌክትሮኖች ወደ አንድ ወገን፣ ወደ ታች የሚያመለክቱት ወደ ሌላው ወገን እኩል ሆነው ሲጓዙ የሙል ጅረት የለም፤ የስፒን ጅረት ግን አለ። ሙልን ብቻ የሚቆጥረው የተለመደው መለኪያ ይህን ጅረት አያየውም። ስለዚህ ለማየት መጀመሪያ ወደ ኤሌክትሪክ ጅረት መለወጥ ግድ ይሆናል።

ለዋጩ ከባዱ ብረት ነው። ኤሌክትሮን በከባድ አቶም እምብርት አጠገብ ሲያልፍ ብርቱ የኤሌክትሪክ መስክ ያጋጥመዋል። ይህም መስክ ለሚጓዘው ኤሌክትሮን እንደ ማግኔት መስክ ሆኖ ስለሚሠራበት የጉዞው መንገድና የስፒኑ አቅጣጫ ይቆራኛሉ። ውጤቱም አንደኛው ወገን ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ማዘንበል ነው። እምብርቱ በከበደ መጠን ቁራኝነቱ ይበረታል። በአቶም ቁጥር አሉሚኒየም 13፣ መዳብ 29፣ ታንታለም 73፣ ፕላቲነም 78 ነው። በፕላቲነም ብርቱ የሆነው ነገር በመዳብ እጅግ ደካማ የሚሆነውም ከሁሉ አስቀድሞ ስለዚህ ነው።

ይህን ክሥተት ዳያኮኖቭና ፔሬል የተባሉ ሁለት የሶቪየት ሊቃውንት በ1971 በሐሳብ ደረጃ አስቀድመው ተናግረውት ነበር። ሐሳቡ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ብዙ ሰው ሳያስታውሰው ቆይቶ፣ በ1999 ሂርሽ እንደ ገና አንሥቶ የስፒን ሆል ክሥተት የሚል ስም ሰጠው። በ2004 በሰሚኮንዳክተር ውስጥ በሙከራ ታየ። በ2006 ደግሞ ተገላቢጦሹ፣ ማለትም የስፒን ጅረት ወደ ኤሌክትሪክ መለወጡ፣ በብረታ ብረት ውስጥ ታወቀ። ቫለንዙኤላና ቲንክሃም በአሉሚኒየም፣ በጃፓን የኤይጂ ሳይቶ ቡድን ደግሞ በፕላቲነም አሳዩት።

የሳይቶ ሙከራ አሠራር ለማስተማር የሚመች ስለ ሆነ በአጭሩ ልግለጸው። የኒኬልና የብረት ቅይጥ በሆነ ስስ ንጣፍ ላይ የፕላቲነም ንጣፍ ይደረባል። ውፍረታቸው በናኖሜትር የሚቆጠር ነው፤ አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አምስት ናኖሜትር የሆነ ፕላቲነም ሃያ ያህል የአቶም ድርብርብ ብቻ አለው። ከዚያም ማግኔታዊው ንጣፍ በማይክሮዌቭ ይነቀነቃል። የማግኔቱ አቅጣጫ እንደሚወላገድ ኩሽንትር ሲዞር፣ የማግኔቱ ንቅናቄ በወሰኑ በኩል የስፒን ጅረት ወደ ፕላቲነሙ ይገፋል። ፕላቲነሙም ይህን ወደ ጎን በሚሄድ የኤሌክትሪክ ጅረት ይለውጠዋል። በዳርና በዳሩ መካከልም በማይክሮቮልት የሚቆጠር ቮልቴጅ ይነበባል። ያ ዓይን የማያየው የጨውና የእህል ልውውጥ በመርፌ ላይ ተነበበ ማለት ነው።

ክቡራን አድማጮች፤

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ የሚያስደስት ነው። አሁን ግን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። አንድ ብረት ከሚቀበለው ጅረት ምን ያህሉን ወደ ሌላው ዓይነት እንደሚለውጥ የሚነግረን ቁጥር አለ፤ የልውጠት ምጣኔ ብለን እንጥራው። የዕቃው ጥቅም የሚገመተው በዚህ ቁጥር ነው። ፕላቲነም በዚህ ዘርፍ ከሁሉ ይልቅ የተመረመረ ብረት ነው። ሆኖም የፕላቲነም ምጣኔ ተብሎ በታተሙት ጽሑፎች ውስጥ ከ0.01 በታች ጀምሮ ከ0.1 በላይ እስከሚደርስ ድረስ የተለያየ ቁጥር እናገኛለን። ስፒኑ በፕላቲነም ውስጥ አቅጣጫውን ሳይስት የሚጓዝበት ርቀትም አንዱ ጽሑፍ ከአንድ ናኖሜትር ብዙም የማይበልጥ፣ ሌላው ወደ አሥር የሚጠጋ ነው ይላል። አንድ ብረት፣ አንድ ክሥተት፣ አሥር እጥፍ ልዩነት! ለካዮቹ ሰነፎች ስለ ነበሩ አይደለም። በዓለም ካሉት የተሟላ መሣሪያ ያላቸው ላቦራቶሪዎች መካከል የሚቆጠሩ ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ለዚህ መልሱን የደባርቅ ገበሬ ያውቀዋል። አንድ ገበሬ በቀዳዳ ስልቻ እህል ጭኖ፣ ወንዝ ተሻግሮ ገበያ ደረሰ እንበል። በገበያ ሲሰፈር ሃምሳ ቁና ሆነ። ከጎተራው የወጣው ስንት ነበር? ስልቻው ደህና ነበር፣ ወንዙም አልነካውም ያለ ሰው ሃምሳ ይላል። በመንገድ ግማሹ እንደ ፈሰሰ የሚያውቅ አንድ መቶ ይላል። በወንዙም ላይ ሌላ ግማሽ እንደ ቀረ የሚያምን ሁለት መቶ ይላል። ሦስቱም በገበያው ስፍር ላይ አይጣሉም፤ የሚጣሉት ማንም ባልሰፈረው ነገር ላይ ነው።

በንጣፎቹም እንደዚሁ ነው። መለኪያው የሚያነበው ቮልቴጅ የገበያው ስፍር ነው። ይህም የሦስት ነገሮች ብዜት ውጤት ነው፤ ከማግኔቱ የተነሣው የስፒን ጅረት መጠን፣ ወሰኑን ተሻግሮ የደረሰው እጅ፣ ከደረሰውም ውስጥ ፕላቲነሙ የለወጠው እጅ። ወሰኑ እንደ ወንዙ ነው፤ አቶሞቹ በሚደባለቁበት በዚያ ቀጭን ሥፍራ ስፒኑ አቅጣጫውን ሊስት ይችላል። በ2014 ሮሃስ ሳንቼዝና ባልደረቦቹ በኮባልትና በፕላቲነም ንጣፎች ላይ በሠሩት ጥናት ይህን በወሰን ላይ የሚደርስ ጥፋት በሒሳቡ ውስጥ አስገብተው ምጣኔውን 0.056፣ የጉዞውን ርቀት 3.4 ናኖሜትር አገኙ። ሁለቱ ሲባዙ ወደ 0.19 ናኖሜትር ይሆናሉ። በሌሎች ጽሑፎችም አጭር ርቀት የሚሰጠው ሰው ትልቅ ምጣኔ፣ ረጅም ርቀት የሚሰጠው ሰው ትንሽ ምጣኔ የመስጠት ዝንባሌ ስላለው፣ ብዜቱ ከሁለቱ ከየአንዳንዱ ይልቅ የተቀራረበ ሆኖ ይገኛል። የገበያው ስፍር አንድ፣ የጎተራው ግምት ብዙ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ችግር አለ። የጉዞውን ርቀት ለማወቅ የተለመደው ዘዴ የፕላቲነሙን ውፍረት እየለዋወጡ መለካት ነው። ነገር ግን ንጣፉ ሲሳሳ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ተቃውሞው ሲጨምርም ስፒኑ የሚጓዝበት ርቀት ያጥራል። ስለዚህ አንድ ቋሚ ርቀት አለ ብሎ የጀመረ ሰው፣ በስልቻው መጠን የሚለዋወጠውን ቀዳዳ አንድ ነው ብሎ እንደ ቆጠረ ይሆናል።

ከዚህም በላይ የሚነበበው ቮልቴጅ ሁሉ ከስፒን የመጣ አይደለም። ማይክሮዌቭ ንጣፉን ያሞቀዋል፤ ሙቀቱም በማግኔታዊው ብረት ውስጥ ብቻውን ቮልቴጅ ያስነሣል። ይህ ሐሰተኛ ምስክር እንዴት ይለያል? ማግኔቱን መገልበጥ አይበቃም፤ ሁለቱም አብረው ይገለበጣሉና። የሚሻለው ፈተና ፕላቲነሙን በመዳብ መተካት ነው፤ የልውጠቱ ቮልቴጅ ከሞላ ጎደል መጥፋት አለበት። ከዚያም በታንታለም መተካት ነው፤ ምልክቱ መገልበጥ አለበት። ፕላቲነም ስፒኑን ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ታንታለም ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል፤ የውጭ ኤሌክትሮኖቻቸው አሞላል የተለያየ ነውና። የዩብዶና የቀንጢቻ ማዕድናት ጎን ለጎን ሆነው ሲቆሙ አንዱ የሌላው ምስክርና ፈታኝ ይሆናል። ከዚህ የተሻለ የመፈተኛ ጥንድ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ያስፈልጋል? ቢባል፣ በዚህ ቁጥር ላይ የሚታነጽ ሥራ ስላለ ነው። በ2011 ሚሮንና ባልደረቦቹ በፕላቲነም ላይ የተነጠፈ የኮባልት ንጣፍን፣ በ2012 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በታንታለም ላይ የተነጠፈ ማግኔታዊ ንጣፍን አቅጣጫ በከባዱ ብረት ውስጥ ባለፈ የኤሌክትሪክ ጅረት ገልብጠዋል። የሊማሊሞ ድንጋይ በምድር ማግኔትና በመቀዝቀዝ የጻፈውን እነርሱ በጅረት ጻፉት። ከዚህም የኮምፒዩተር ማስታወሻ ለመሥራት ብዙ ድካም እየተደረገ ነው። ጥቅሙ ምን እንደ ሆነ መብራት በሚቋረጥበት ከተማ ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ በማግኔት የተጻፈው መብራት ሲጠፋ አይጠፋምና። ዳሩ ግን ለመጻፍ የሚያስፈልገው ጅረት ትልቅ ወይም ትንሽ መሆኑ የሚወሰነው በዚያው ምጣኔና በዚያው ወሰን ነው። ቁጥሩን በአሥር እጥፍ የሳተ ሰው የሚሠራው ዕቃም በዚያው መጠን ይስታል።

ክቡራን የማኅበሩ አባላት፤

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ልመለስ። ንጣፎቹን ለመሥራት ከፍ ያለ ባዶ አየር የሚጠብቅ መሣሪያ፣ ለመለካትም የማይክሮዌቭ ዕቃ ያስፈልጋል። ዋጋው ለአንድ ትምህርት ክፍል ከባድ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ይህ ጥናት የእኛ አይደለም፣ ለባለጸጎች እንተወው የሚል አስተያየት ይሰነዘራል። እኔ በዚህ አልስማማም። ምክንያቴም ከላይ የዘረዘርኩት ነው። የዚህ ዘርፍ ትልቁ ጉድለት የመሣሪያ ሳይሆን የሒሳብ ጉድለት ነበር። ባለ ብዙ መሣሪያ የነበሩት ሰዎች የተለያዩት ስፍሩ ላይ ሳይሆን ያልሰፈሩትን ገምተው ግምታቸውን ባለመግለጻቸው ነው። ሒሳብ ደግሞ ባዶ አየር አይጠይቅም።

በዚህ ከተማ የዚህ ዓይነት አብነት አለን። በ1954 እዚህ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም ትልልቅ ሆስፒታሎች በየአውራጃው እስኪሠሩ ድረስ አልተጠበቀም። የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በቡድን እየሠለጠኑ፣ ባለው መሣሪያ ለመሥራት ወደ ገጠር ወጡ። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ ሥራ የበቀለ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለጉባኤው አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎቻችን የታተሙ ልኬቶችን ወስደው፣ የወሰኑን ጥፋትና የተቃውሞውን ለውጥ አስገብተው ሒሳቡን እንደ ገና ይሥሩ። ይህ ወረቀት፣ ኮምፒዩተርና ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል፤ ውጤቱም እውነተኛ ምርምር ነው። ሁለተኛ፣ በመማሪያ ላቦራቶሪዎቻችን የስስ ብረትን ተቃውሞ በአራት ነጥብ መለካትን፣ የተለመደውን የሆል ቮልቴጅና ከሙቀት የሚነሣውን ቮልቴጅ መለየትን እናስተምር። ሐሰተኛውን ምስክር መለየት የለመደ ተማሪ ትልቁ መሣሪያ በደረሰው ጊዜ እንግዳ አይሆንበትም። ሦስተኛ፣ ንጣፍ መሥሪያውን እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው ከሚመኘው ይልቅ፣ በአገር ደረጃ አንድ በጋራ የሚሠራበት ቢቋቋም፣ የጎንደርም፣ የባሕር ዳርም፣ የአዲስ አበባም ተመራማሪ በተራው ቢጠቀምበት ማኅበራችን ሊደግፈው የሚገባ ነው።

ይህ ካልሆነ ግን የሚደርሰው ግልጽ ነው። ፕላቲነሙና ታንታለሙ ከምድራችን እየወጡ ይሄዳሉ፤ ተለውጠው በዕቃ መልክ ሲመለሱ በዋጋ እንገዛቸዋለን፤ በመካከል ስለ ሆነው ነገር የሚጠይቅ ሰው አይኖረንም። በወሰን ላይ ምን እንደሚቀር የማያውቅ ነጋዴ ትርፉንም ኪሳራውንም አያውቅም። ወሰኑ አንድ ናኖሜትር ቢሆንም፣ የአገር ድንበር ቢሆንም፣ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን በመንገድ ቀረ ብሎ መቁጠር የፊዚክስ ባለሙያ የዕለት ሥራ ነው። ይህን ሥራ ከዛሬ ጀምሮ በእጃችን ባለው እንድንይዘው አሳስባለሁ።